ከስም ይልቅ ስኮላርሺፕን፦ ከስቴት ውጭ ያለ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ አመራረጥ ዝርዝር መመሪያ

አሜሪካ ውስጥ ልጁን ኮሌጅ ለማስገባት የሚዘጋጅ ቤተሰብ በዩኒቨርሲቲው ድረ ገጽ ላይ የሚያየው ዋጋና በመጨረሻ የሚከፍለው ዋጋ ብዙ ጊዜ አይገናኙም። ኤስ ኤ ቲ የተባለውን የኮሌጅ መግቢያ ፈተና የሚያዘጋጀው ኮሌጅ ቦርድ ለ2024–25 የትምህርት ዘመን ባወጣው አማካይ መሠረት፣ የአራት ዓመት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የትምህርት ክፍያ ለስቴቱ ነዋሪ በዓመት 11,610 ዶላር፣ ከሌላ ስቴት ለሚመጣ ተማሪ 30,780 ዶላር፣ ለትርፍ ባልቆመ የግል ዩኒቨርሲቲ ደግሞ 43,350 ዶላር ነበር፤ መኝታና ምግብ በዚህ ውስጥ አልተቆጠሩም። እነዚህን ሦስት ቁጥሮች ያየ ወላጅ መካከለኛውን ወዲያው ከዝርዝሩ ቢሰርዘው አይፈረድበትም፤ የሌላ ስቴት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ለመማር ከራስ ስቴት ሦስት እጥፍ ሊጠጋ የሚከፈልበት ምክንያት አይታየውምና።

ሆኖም ያ ዋጋ ለሁሉም ተማሪ የተቆረጠ አይደለም። ከ2008ቱ የኢኮኖሚ ቀውስ በኋላ ብዙ ስቴቶች ለዩኒቨርሲቲዎቻቸው የሚመድቡትን በጀት ሲቀንሱ፣ ዩኒቨርሲቲዎቹ ክፍተቱን ለመሙላት ፊታቸውን ወደ ሌሎች ስቴቶች ተማሪዎች አዞሩ። እንደ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሥርዓት ያሉት፣ አመልካች ስለማያጡ፣ ከውጭ የሚመጣውን ተማሪ ሙሉውን ዋጋ ያስከፍላሉ። ሌሎቹ ግን ጥሩ ውጤት ያለውን ተማሪ በቅናሽ መሳብን መረጡ፤ ተማሪው ከሙሉው ዋጋ ቀንሶ ቢከፍልም ለዩኒቨርሲቲው ገቢ ነው፣ የፈተና ውጤቱም የተቋሙን አማካይ ከፍ ያደርጋል። ቱስካሉሳ የሚገኘው የአላባማ ዩኒቨርሲቲ በዚህ መንገድ እጅግ ርቆ ስለሄደ ከአዲስ ገቢ ተማሪዎቹ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ከሌላ ስቴት የመጡ ናቸው።

ይህ መመሪያ በተለይ የሚጠቅመው መሀል ላይ ለቆመው ቤተሰብ ነው፤ እናት ነርስ፣ አባት የከባድ መኪና ሾፌር ወይም የአነስተኛ ሱቅ ባለቤት ሆነው፣ ሁለቱም ትርፍ ሰዓት እየሠሩ፣ ገቢያቸው ለፌዴራል ድጎማ የበዛ፣ የአንድ ውድ ዩኒቨርሲቲን ሙሉ ወጪ፣ በዓመት 80 ሺህ ዶላር ያህል፣ ለመክፈል ግን ፈጽሞ የማይበቃ ለሆነ ቤተሰብ። በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያ፣ በሚኒሶታ፣ በሲያትልና በዳላስ ብዙ ኢትዮጵያውያን ወላጆች እዚህ መደብ ውስጥ ይገኛሉ።

1. በቅድሚያ የትኛው እርዳታ የእርስዎ እንደሆነ ይለዩ

የዩኒቨርሲቲ እርዳታ በሁለት ይከፈላል። አንዱ የቤተሰቡ አቅም ታይቶ የሚሰጥ ሲሆን ሌላው የተማሪው ውጤት ታይቶ የሚሰጥ ነው፤ ሁለተኛው የሜሪት ስኮላርሺፕ የሚባለው ነው። የትኛው ለእርስዎ ቤት እንደሚያዋጣ ሳያውቁ የዩኒቨርሲቲ ዝርዝር ማውጣት ጊዜ ማባከን ነው።

የቤተሰቡ ገቢ ዝቅተኛ ከሆነና ልጁ በጣም ጎበዝ ከሆነ፣ ስመ ጥር የሆነው የግል ዩኒቨርሲቲ ከሁሉም ሊረክስ ይችላል። ሃርቫርድ ከ2025–26 ጀምሮ ዓመታዊ ገቢያቸው እስከ 100,000 ዶላር ለሆነና ሀብታቸው ከተለመደው ላልበለጠ ቤተሰቦች ሙሉ ወጪውን፣ እስከ 200,000 ዶላር ለሆነ ደግሞ የትምህርት ክፍያውን እንደሚሸፍን አስታውቋል። ፕሪንስተንም ተመሳሳይ አሠራር አለው። ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች መካከል የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲና ቻፕል ሂል ያለው የሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ከስቴት ውጭ ለሚመጣ ተማሪም ቢሆን በስሌት የተረጋገጠለትን የገንዘብ ፍላጎት ሙሉ በሙሉ ለመሸፈን ቃል ይገባሉ። ስለዚህ ገቢው አነስተኛ የሆነ ቤተሰብ እዚህ መመሪያ ውስጥ ያለውን መንገድ እንደ ሁለተኛ አማራጭ ይያዘው እንጂ የመጀመሪያው አያድርገው።

ይህን ለማወቅ መገመት አያስፈልግም። በፌዴራል ሕግ መሠረት እያንዳንዱ ኮሌጅ ከ2011 ጀምሮ በድረ ገጹ ላይ የተጣራ ዋጋ ማስያ፣ ማለትም እርዳታው ከተቀነሰ በኋላ የሚቀረውን ክፍያ የሚገምት መሣሪያ፣ የማኖር ግዴታ አለበት። የግብር ማስታወቂያዎን ይዘው ይቀመጡ፤ ለራስዎ ስቴት ዋና ዩኒቨርሲቲ፣ ለአንድ ሀብታም የግል ዩኒቨርሲቲና ለሁለት ከስቴት ውጭ ላሉ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ማስያውን ይሙሉ። ፋፍሳ የሚባለው የፌዴራል ማመልከቻ የሚኖሩበትን ቤት ዋጋ አይቆጥርም፤ ብዙ የግል ዩኒቨርሲቲዎች የሚጠይቁት ሲ ኤስ ኤስ ፕሮፋይል ግን ሊቆጥረው ይችላል። ቤት ከገዛ ቆየት ያለ ቤተሰብ ከግል ዩኒቨርሲቲ የሚጠብቀው እርዳታ ባልጠበቀው መንገድ የሚቀንሰው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

የመኖሪያ ፈቃድ ጉዳይም እዚህ ላይ ይታያል። ዜጋ የሆነ፣ ግሪን ካርድ ያለው፣ በዲቪ የመጣም ቢሆን፣ ወይም ጥገኝነት የተፈቀደለት ተማሪ የፌዴራል እርዳታ ማመልከት ይችላል። ጉዳዩ ገና በመታየት ላይ ያለ የጥገኝነት ጠያቂና በጊዜያዊ ከለላ የሚኖር ግን አይችልም። የሜሪት ስኮላርሺፕ የሚከፈለው በአብዛኛው ከዩኒቨርሲቲው ኪስ ስለሆነ ለእነዚህ ተማሪዎች ዋናው በር እሱ ነው፤ ቢሆንም ሕጉ ከስቴት ስቴት ይለያያልና ከማመልከት በፊት ለመግቢያ ቢሮው በጽሑፍ መጠየቅ ያስፈልጋል። የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር የሌለው ወላጅ የልጁን ፋፍሳ ለመሙላት የራሱን መለያ መክፈት የሚችል መሆኑንም ማወቅ ጠቃሚ ነው።

2. የቤተሰቡን ጣራ በቁጥር ያስቀምጡ

ይህ ደረጃ ከሁሉ የሚከብደው ነው፤ የሚጠይቀው ስሌት ሳይሆን ግልጽ ንግግር ነውና። ልጁ አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለ፣ የትኛውም ዩኒቨርሲቲ ልቡን ሳይወስደው በፊት፣ ወላጆች በዓመት ስንት መክፈል እንደሚችሉ ቁርጥ ያለ ቁጥር ሊነግሩት ይገባል። «አንተ ብቻ ግባ፣ እግዚአብሔር ያውቃል» የሚለው የፍቅር ቃል በሚያዝያ ወር ላይ ወደ ትልቅ ቅያሜ ይለወጣል። ተከታይ ልጆች ካሉም ጣራው ሲወሰን የእነሱም ተራ መቆጠር አለበት።

በወላጅ ላይ ጥገኛ የሆነ ተማሪ በራሱ ስም ከፌዴራል መንግሥት መበደር የሚችለው በመጀመሪያው ዓመት 5,500፣ በሁለተኛው 6,500፣ በሦስተኛውና በአራተኛው 7,500 ዶላር ነው፤ በድምሩ 27,000 ዶላር ይሆናል። ከዚያ በላይ ያለው ብድር አብዛኛውን ጊዜ በወላጅ ስም ወይም በወላጅ ፊርማ የሚገኝ ነው። ፓረንት ፕላስ የሚባለው የወላጆች ብድር ለረጅም ዓመታት እስከ ሙሉው ወጪ ድረስ ይፈቀድ ነበር፤ በ2025 በወጣው ሕግ ግን ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ለአዲስ ተበዳሪዎች ለአንድ ልጅ በዓመት 20,000፣ በጠቅላላው 65,000 ዶላር ተገድቧል። ይኸው ሕግ ለሕክምናና ለመሰል የሙያ ትምህርቶች የሚሰጠውን የፌዴራል ብድርም በዓመት 50,000፣ በድምሩ 200,000 ዶላር ላይ አቁሞታል። ልጄ ዶክተር ትሆናለች የሚል ቤተሰብ ይህን መስመር ደግሞ ደጋግሞ ሊያነበው ይገባል። ለመጀመሪያ ዲግሪ የወጣው እያንዳንዱ ዶላር ለሕክምና ትምህርት የማይገኝ ዶላር ነው፤ የሕክምና ትምህርት ቤቶችም በቅድሚያ የሚመለከቱት ኤምካት የሚባለውን የሕክምና ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና ውጤትና ጂፒኤን (አማካይ የትምህርት ውጤትን) እንጂ የመጀመሪያው ዲግሪ የተገኘበትን ግቢ ስም አይደለም።

3. ቅናሹ የሚመጣባቸውን መንገዶች ይወቁ

ከስቴት ውጭ ያለው ዋጋ የሚወርድባቸው መንገዶች ብዙ ናቸው፤ የሚያሳዝነው አብዛኛው ወላጅ የሚያውቀው አንዱን ብቻ መሆኑ ነው።

የመጀመሪያው በቀጥታ የሚሰጠው ስኮላርሺፕ ነው። ዩኒቨርሲቲው ጂፒኤና የኤስ ኤ ቲ ወይም የኤ ሲ ቲ ውጤት በሠንጠረዥ አስቀምጦ፣ ይህን ያመጣ ይህን ያህል ያገኛል ብሎ አስቀድሞ ያውጃል። የአላባማ፣ የሚሲሲፒና የአሪዞና ዩኒቨርሲቲዎች በዚህ ዓይነት አሠራር ይታወቃሉ። ትልቁ ጥቅሙ እርግጠኝነቱ ነው፤ ልጁ ሳያመለክት በፊት ምን እንደሚያገኝ ያውቃል። ሠንጠረዡ ግን በየዓመቱ ስለሚለወጥ ባለፈው ዓመት የጎረቤት ልጅ ያገኘውን ይዞ መቁጠር አይገባም፤ ልጅዎ በሚገባበት ዓመት ስም የወጣውን ገጽ ፈልገው ቅጂውን ያስቀምጡ።

ሁለተኛው በውድድር የሚሰጠው ነው። ይህ ድርሰት፣ የድጋፍ ደብዳቤና ቃለ መጠይቅ የሚጠይቅ ሲሆን አንዳንዱ መኝታና ምግብን ጨምሮ ሙሉ ወጪን ይሸፍናል። በሜሪላንድ ባልቲሞር ካውንቲ ዩኒቨርሲቲ ከ1988 ጀምሮ ያለው የማየርሆፍ ፕሮግራም፣ በተለይ በሳይንስና በምህንድስና ጥቁር ተመራማሪዎችን በማፍራት ስሙ የታወቀ ሆኖ ከሌሎች ስቴቶችም ተማሪ ይቀበላል። እንዲህ ያለውን ያመልክቱ፤ ነገር ግን በጀትዎን በእሱ ላይ አይመሥርቱ።

ሦስተኛው መንገድ ስኮላርሺፕ እንኳ አይባልም፤ የክፍያ ደንብ ነው። በቴክሳስ ሕግ መሠረት ቢያንስ 1,000 ዶላር በውድድር የሚሰጥ ስኮላርሺፕ ያገኘ የውጭ ስቴት ተማሪ፣ ዩኒቨርሲቲው በፈቀደው ቁጥር ውስጥ ከገባ፣ የትምህርት ክፍያውን እንደ ቴክሳስ ነዋሪ ሊከፍል ይችላል። ስለዚህ 1,000 ዶላር የሚል ደብዳቤ የደረሰው ልጅ ንቆ ከመጣሉ በፊት ከጀርባው ምን እንዳለ ይጠይቅ፤ የዋጋው ልዩነት ከስኮላርሺፑ ብዙ እጥፍ ሊሆን ይችላልና።

በምዕራብ ያሉ ስቴቶች ደግሞ የጋራ ስምምነት አላቸው። ዋሽንግተን፣ ኮሎራዶ፣ ኔቫዳ፣ ካሊፎርኒያና ሌሎችም የታቀፉበት የምዕራብ የመጀመሪያ ዲግሪ ልውውጥ፣ በአጭሩ ውዊ የሚባለው፣ ተማሪው በሚሄድበት ስቴት ከነዋሪው ክፍያ ከ150 በመቶ ያልበለጠ እንዲከፍል ያስችላል። የሲያትልና የዴንቨር ቤተሰቦች ከዚህ መጀመር አለባቸው። በመካከለኛው ምዕራብ ተመሳሳይ የልውውጥ ፕሮግራም ሲኖር፣ ሚኒሶታ በተጨማሪ ከዊስኮንሲን፣ ከሰሜን ዳኮታና ከደቡብ ዳኮታ ጋር የተለየ ስምምነት አላት። በደቡብ ያለው፣ የአካዳሚክ የጋራ ገበያ የሚባለው የስቴቶች ስምምነት ሜሪላንድንና ቨርጂኒያን ጭምር ያቀፈ ነው፤ የሚሠራው ግን በራስዎ ስቴት ለማይሰጥ የትምህርት ዘርፍ ብቻ ነው። የዋሽንግተን ዲሲ ነዋሪ ደግሞ ዲሲ ታግ በሚባለው ድጎማ የነዋሪና የነዋሪ ያልሆነ ተማሪ ክፍያ ልዩነት በከፊል ይሸፈንለታል፤ ከዲሲ ወሰን ውጭ ካሉት ከሲልቨር ስፕሪንግ ወይም ከአሌክሳንድሪያ የሚያመለክት ይህን አያገኝም።

ውጤቱ መካከለኛ ለሆነ ልጅም በር አለ። በሰሜን ካሮላይና ፕሮሚስ በሚባለው ፕሮግራም ውስጥ ያሉት አራት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች፣ ማለትም ዌስተርን ካሮላይና፣ ፔምብሩክ፣ ኤልዛቤት ሲቲና ፋየትቪል፣ ከስቴት ውጭ የመጣውን ተማሪ ለትምህርት ክፍያ በሴሚስተር 2,500 ዶላር ብቻ ያስከፍላሉ፤ ልዩ ልዩ የአገልግሎት ክፍያዎች፣ መኝታና ምግብ ለብቻ ናቸው። ለዚህ ምንም ዓይነት ስኮላርሺፕ ማሸነፍ አያስፈልግም።

4. ዝርዝሩን ከመረጃ ያውጡ

ኮመን ዴታ ሴት የሚባለው ሰነድ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች በየዓመቱ በአንድ ዓይነት ቅጽ የሚያወጡት መረጃ ነው። የዩኒቨርሲቲውን ስምና የሰነዱን ስም አንድ ላይ ጽፈው ቢፈልጉ ያገኙታል። በቀጥታ ወደ ክፍል ኤች ይሂዱና ኤች2ኤ የሚለውን ሠንጠረዥ ይክፈቱ። «ኤን» የሚለው መስመር የገንዘብ ችግር ሳይኖርባቸው ከዩኒቨርሲቲው ስኮላርሺፕ ያገኙ ተማሪዎችን ቁጥር፣ «ኦ» የሚለው ደግሞ ያገኙትን አማካይ መጠን ያሳያል። ቁጥሩን ከጠቅላላው አዲስ ገቢ ተማሪ ጋር ያነጻጽሩት። ከመቶ ሁለት ወይም ሦስት ተማሪ ብቻ ያገኘበት ዩኒቨርሲቲ ለልጅዎ ይሰጣል ብሎ መጠበቅ ሎተሪ ነው፤ ከመቶ ሠላሳና አርባ ያገኘበት ግን ስኮላርሺፕን እንደ መሳቢያ የሚጠቀም ተቋም ነው። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ይህ አማካይ የስቴቱን ልጆችና የውጭውን ቀላቅሎ ስለሚይዝ እውነተኛውን መጠን ከስኮላርሺፕ ገጹ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። እንደ ሃርቫርድና ፕሪንስተን ያሉት የአይቪ ሊግ ዩኒቨርሲቲዎች በውጤት ብቻ የሚሰጡት ስኮላርሺፕ ስለሌላቸው በዚህ መስፈርት ዝርዝሩ ውስጥ አይገቡም።

ስኮላርሺፕ የሚበዛው ልጁ ከተማሪዎቹ ከፍተኛ አንድ አራተኛ ውስጥ በሚሆንበት ግቢ ነው፤ ለመግባት በሚጨነቅበት ግቢ አይደለም። ስለዚህ በፈተናው ላይ የሚጨመር ጥቂት ነጥብ በሠንጠረዡ አንድ እርከን ከፍ ካደረገ በአራት ዓመት ውስጥ በብዙ ሺህ ዶላር ይመነዘራል፤ ለአንድ ክረምት የፈተና ዝግጅት የሚወጣ ገንዘብ ከዚህ የተሻለ ትርፍ የሚያስገኝበት ቦታ አላውቅም። ፈተና አያስፈልግም የሚሉ ዩኒቨርሲቲዎችም ለስኮላርሺፕ ሲሆን ውጤቱን ሊጠይቁ ይችላሉ። በአሥራ አንደኛ ክፍል ጥቅምት ላይ የሚሰጠው ፒ ኤስ ኤ ቲ የሚባለው ፈተና ደግሞ ናሽናል ሜሪት ለሚባለው አገር አቀፍ የስኮላርሺፕ ውድድር መግቢያ ነው፤ የመጨረሻው ዙር ላይ ለሚደርሱ ተማሪዎች እንደ ቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ የዳላስ ግቢና እንደ አላባማ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተቋማት ከፍ ያለ ጥቅል ሲያቀርቡ ቆይተዋል።

ከዝርዝሩ አናት ላይ ግን ሁልጊዜ የራስዎ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ይኑር። ጆርጂያ ያለ ቤተሰብ ሆፕ እና ዜል ሚለር የሚባሉትን የስቴቱን ስኮላርሺፖች፣ ፍሎሪዳ ያለ ደግሞ ብራይት ፊውቸርስን ጥሎ ከስቴት የሚወጣው በጣም አሳማኝ ምክንያት ሲኖረው ብቻ ነው።

5. ስሙን በልኩ ይመዝኑ

በክርስትናም ሆነ በምርቃት ግብዣ ላይ «ልጅሽ የት ገባች?» ተብሎ ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስ ለብዙ ወላጅ ቀላል ነገር አይደለም፤ ብድር የሚፈረመው አንዳንዴ ለዚያ መልስ ነው። ስለዚህ ስም ምን ያህል ገንዘብ ያወጣል የሚለውን በማስረጃ ማየት ይሻላል።

ስቴሲ ዴል እና አለን ክሩገር የተባሉ የኢኮኖሚ ተመራማሪዎች በ2002 ባሳተሙትና በኋላም ባሰፉት ጥናት፣ ተመሳሳይ ውጤት ያላቸውና ለተመሳሳይ ዩኒቨርሲቲዎች ያመለከቱ ተማሪዎችን ሲያነጻጽሩ፣ እጅግ መራጭ በሆነው ዩኒቨርሲቲ የተማረውና ባነሰው የተማረው በአብዛኛው ተቀራራቢ ደመወዝ እንደሚያገኙ አይተዋል። ነገር ግን የኋለኛው ሥራቸው ልዩ ሁኔታ አስቀምጧል፤ ጥቁርና ሂስፓኒክ ተማሪዎች እንዲሁም ወላጆቻቸው ብዙ ያልተማሩ ልጆች ከመራጩ ዩኒቨርሲቲ ጥቅም አግኝተዋል። በ2023 ራጅ ቼቲና ባልደረቦቹ ያወጡት ጥናት ደግሞ በጣም ስመ ጥር የሆኑት ዩኒቨርሲቲዎች አማካይ ገቢን ብዙም ባይለውጡም ከገቢ ጫፍ ላይ የመድረስን ዕድል እንደሚያሰፉ አሳይቷል።

እነዚህን አንድ ላይ ሳያቸው የምደርስበት ፍርድ ይህ ነው። ልጅዎ ወደ ዎል ስትሪት ወይም ወደ ትልልቅ አማካሪ ድርጅቶች ለመግባት ቆርጦ ከተነሳ ስሙ በር ይከፍታል፤ የዋጋው ልዩነትም ጠባብ ከሆነ ስሙን ይምረጥ። ነርሲንግ፣ ምህንድስና፣ አካውንቲንግ ወይም መምህርነት ከሆነ ግን ፈቃድና ብቃት የሚጠይቅ ሙያ ነውና፣ በስሙ ምክንያት የመቶ ሺህ ዶላር ብድር መሸከም አያዋጣም።

ከስም ይልቅ የሚመረመረው የትምህርት ክፍሉ ነው። የምህንድስናው ፕሮግራም፣ የምህንድስና ትምህርቶችን መዝኖ እውቅና በሚሰጠው አቤት (ABET) በተባለው ድርጅት እውቅና የተሰጠው መሆኑን ያረጋግጡ። በአላባማ ዩኒቨርሲቲ ሥርዓት ውስጥ ያለው የሃንትስቪል ዩኒቨርሲቲ ስሙ እምብዛም ባይነሳም በናሳ ማርሻል የጠፈር በረራ ማዕከል አጠገብ መሆኑ ለኤሮስፔስ ተማሪ ከብዙ ዝና የሚበልጥ ነገር ነው። ነርሲንግ ከሆነ ልጅዎ በመጀመሪያው ዓመት በቀጥታ ወደ ነርሲንግ ትምህርት ቤቱ የምትገባ እንደሆነ፣ ወይስ ለሁለት ዓመት ከተማረች በኋላ እንደ አዲስ የምትወዳደር እንደሆነ ይጠይቁ፤ በሁለተኛው መንገድ ስኮላርሺፑን ይዛ ሙያውን ልታጣ ትችላለች። ኦነርስ ኮሌጅ፣ ማለትም ለከፍተኛ ውጤት ተማሪዎች የተለየ ፕሮግራም፣ ካለ ክፍሎቹ ምን ያህል ተማሪ እንደሚይዙ፣ ኮርስ ለመመዝገብ ቅድሚያ ይሰጥ እንደሆነ ይመልከቱ። በአራት ዓመት የሚመረቁት ስንት በመቶ እንደሆኑ ደግሞ ኮሌጅ ናቪጌተር በሚባለው የመንግሥት ድረ ገጽ ላይ ይገኛል፤ ስኮላርሺፑ ስምንት ሴሚስተር ብቻ ከሆነ አምስተኛው ዓመት በሙሉ ዋጋ ነው።

ከተማውንም ሄዶ ማየት ያስፈልጋል። ሪቻርድሰን ባለው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ የዳላስ ግቢ የሚማር ልጅ ቤተ ክርስቲያንም፣ መስጊድም፣ እንጀራም አያጣም፤ ከቱስካሉሳ ግን ለአብዛኛው ነገር አንድ ሰዓት ያህል ነድቶ በርሚንግሃም መሄድ ይኖርበታል። ለአንዳንዱ ልጅ ይህ ምንም አይደለም።

6. በጊዜው ያመልክቱ

ኮመን አፕ የሚባለው የጋራ ማመልከቻ ኦገስት 1 ይከፈታል፤ ፋፍሳ በተለምዶ ኦክቶበር 1 ነው። ለስኮላርሺፕ የሚያበቃው የማመልከቻ ቀን ብዙ ጊዜ ኖቬምበር 1 አካባቢ ሲሆን ለመግባት ከሚያስፈልገው የመጨረሻ ቀን በጣም ይቀድማል። ጃንዋሪ ላይ ያመለከተ ልጅ ተቀባይነት አግኝቶ ገንዘቡ ያመልጠዋል። የኦነርስ ኮሌጅና የውድድር ስኮላርሺፖች የየራሳቸው ቅጽና ቀን አላቸው። ኧርሊ ዲሲዥን የሚባለው አስገዳጅ ማመልከቻ፣ ልጁን ዋጋ ከማነጻጸሩ በፊት ስለሚያስረው፣ ስኮላርሺፕ ለሚፈልግ ቤተሰብ አይመከርም።

አንድ ወጥመድ አለ፤ እነዚህ ስኮላርሺፖች ከሞላ ጎደል ሁሉም ከሁለተኛ ደረጃ በቀጥታ ለሚገባ አዲስ ተማሪ የተዘጋጁ ናቸው። ልጁ ከተመረቀ በኋላ «ለጊዜው ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ይጀምር» ከተባለ እንደ ተዛዋሪ ተማሪ ሊቆጠርና ትልቁን ስኮላርሺፕ ሊያጣ ይችላል። ሁለተኛ ደረጃ ሳለ የወሰዳቸው የኮሌጅ ኮርሶች ግን አብዛኛውን ጊዜ አይጎዱትም።

7. ደብዳቤውን በአራት ዓመት ሂሳብ ያንብቡ

የእርዳታ ደብዳቤዎች ሲደርሱ በመጀመሪያ ብድርንና ተማሪው ግቢ ውስጥ ሠርቶ የሚያገኘውን የሥራ ክፍያ ከስኮላርሺፕ ይለዩ። አንዳንድ ደብዳቤ ፓረንት ፕላስን ጭምር «እርዳታ» ከሚለው ርዕስ ሥር ደርድሮ የቀረ ክፍያ ዜሮ ነው ይላል። እስኪርቢቶ ይዘው ብድሩን ሁሉ ይሰርዙና እንደገና ይደምሩ።

ቀጥሎ ስኮላርሺፑ በቁርጥ ዶላር ነው ወይስ በመቶኛ የሚለውን ይመልከቱ። ለምሳሌ ያህል፣ ከስቴት ውጭ ያለው የትምህርት ክፍያ 34,000፣ ስኮላርሺፑ በየዓመቱ 22,000 ዶላር ነው እንበል፤ የሚቀረው 12,000 ነው። የራስዎ ስቴት ዩኒቨርሲቲም 12,000 ያስከፍል፣ ሌላው ወጪም እኩል ይሁን። በመጀመሪያው ዓመት ልዩነት የለም። ክፍያው በሁለቱም ቦታ በየዓመቱ 5 በመቶ ቢጨምር ግን፣ በራስዎ ስቴት የአራቱ ዓመት ድምር 51,722 ዶላር ሲሆን ከስቴት ውጭ ያለው 12,000፣ 13,700፣ 15,485 እና 17,359 እያለ 58,544 ይደርሳል፤ ጭማሪው የሚሰላው ከሙሉው ዋጋ ላይ ሲሆን ስኮላርሺፑ ባለበት ይቆማልና። በመቶኛ የሚሰጥ ወይም እንደ ነዋሪ የሚያስከፍል ስኮላርሺፕ ይህ ችግር የለበትም። የአውሮፕላን ትኬትና ለክረምት ዕቃ ማስቀመጫ የሚከፈለውም ከሂሳቡ ውስጥ ይግባ።

ከዚያ የማደሻውን ሁኔታ ያንብቡ። ብዙዎቹ 3.0 ጂፒኤ ይጠይቃሉ፤ ከፍ ያለ የሚጠይቁም አሉ። ለምህንድስና ተማሪ የመጀመሪያው ዓመት ካልኩለስና ፊዚክስ ከባድ ስለሆኑ፣ ውጤቱ የሚታየው በሴሚስተር ነው ወይስ በዓመት፣ አንድ ጊዜ ቢወርድ የማስተካከያ ጊዜ ይሰጣል ወይ፣ ከተወሰደስ ይመለሳል ወይ ብለው በኢሜይል ይጠይቁና መልሱን ያስቀምጡ። ልጁ ከማኅበር ወይም ከወላጅ መሥሪያ ቤት ሌላ ስኮላርሺፕ ካገኘም ዩኒቨርሲቲው የራሱን ቀንሶ ያካክስ እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ሜሪላንድ ይህን በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎቿ ላይ በ2017 በሕግ ስትገድብ ከስቴቶች የመጀመሪያዋ ነበረች፣ በሌሎች ብዙ ቦታዎች ግን ይፈቀዳል።

ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ እንደ ነዋሪ እንከፍላለን በሚል ተስፋ አይወስኑ። ለትምህርት ተብሎ የተኖረበት ጊዜ በአብዛኛው ስቴት ለነዋሪነት አይቆጠርም፤ የወላጅ አድራሻ ሌላ ስቴት እስካለ ድረስ ልጁ የውጭ ተማሪ ሆኖ ይቀጥላል።

በቀጥታ የሚሰጥ ስኮላርሺፕ በልመና አይጨምርም። የተሻለ የፈተና ውጤት ግን ሊያስጨምረው ይችላል፤ አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች አዲስ ውጤት ከማመልከቻው በኋላም ይቀበላሉ። የቤተሰቡ ገቢ በሥራ ማጣት ወይም በሕመም ከቀነሰ ደግሞ የገንዘብ እርዳታ ቢሮው ፋይሉን እንደገና እንዲያይ ማመልከት መብት ነው።

8. ከወሰኑ በኋላ

የመልስ መስጫው ቀን በተለምዶ ሜይ 1 ነው። ከዚያ በፊት ስኮላርሺፑን በተማሪው መለያ ገብቶ «ተቀብያለሁ» የሚለውን መጫን የሚያስፈልግበት ዩኒቨርሲቲ ብዙ ነው፤ የመግቢያ ቦታ መያዣ መክፈል ብቻውን አይበቃም። የመኝታ ማመልከቻም ቀደም ብሎ ይሞላ፤ በትልልቆቹ ግቢዎች ርካሹ መኝታ ቀድሞ ያልቃል።

ስኮላርሺፑ ከትምህርት ክፍያና ከመጻሕፍት አልፎ መኝታና ምግብን ከሸፈነ፣ ያ ትርፍ ክፍል በፌዴራል ሕግ ግብር የሚታሰብበት ገቢ ነው። ዩኒቨርሲቲው በጃንዋሪ የሚልከውን 1098-ቲ የሚባለውን የትምህርት ክፍያ የግብር ቅጽ ከየሴሚስተሩ የክፍያ ዝርዝር ጋር አብራችሁ ለሒሳብ ሠራተኛችሁ ስጡ፤ ቅጹ ብቻውን የመኝታውንና የምግቡን ክፍል ለይቶ አያሳይም።